ጥናቱ የቆመበት እርምጃ፦ ጎተንበርግ 1955



እ.ኤ.አ. በ1955 በስዊድኗ ጎተንበርግ ከተማ በተካሄደ ትልቅ የቼዝ ውድድር፣ በ14ኛው ዙር፣ ሦስት የአርጀንቲና ተጫዋቾች ከሦስት የሶቪየት ኅብረት ተጫዋቾች ጋር ተገናኙ። ሦስቱም አርጀንቲናውያን ጥቁር ደርሷቸው ነበር። ሦስቱም አንድ ዓይነት መክፈቻ መረጡ። ሦስቱም አስቀድመው አብረው ያጠኑትን፣ ተጋጣሚን ያስደነግጣል ብለው ያመኑበትን አንድ እርምጃ ሰሌዳው ላይ አኖሩ። ሦስቱም ተሸነፉ። በቼዝ ታሪክ ያ ዕለት «የአርጀንቲና ትራጄዲ» እየተባለ ይጠራል።

ይህን ታሪክ ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት በውስጡ ከቼዝ የሚሰፋ ሁለት ትምህርት ስላለው ነው። አንደኛው፣ በደንብ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ጥናቱን አንድ እርምጃ ቀድሞ ስላቆመ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ሐሳብ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ቢሸነፍም እንኳ ሐሳቡ ስሕተት ነበር ለማለት ገና አለመቻሉ ነው። ሁለቱንም በቃል ከምናገራቸው ይልቅ በሰሌዳው ላይ ብናያቸው ይሻላል።

ቼዝ ለማታውቁ ጥቂት ላስረዳ። ሰሌዳው 64 ሳጥን አለው። ዓምዶቹ በነጩ ተጫዋች በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ይባላሉ፤ ረድፎቹ ከነጭ ወደ ጥቁር ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። «ኢ4» ማለት እንግዲህ የአንድ ሳጥን አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ንግሥት፣ ሁለት ሩክ፣ ሁለት ቢሾፕ፣ ሁለት ፈረስና ስምንት ወታደር ይዞ ይነሣል። ተጫዋቾች ለግምት ያህል ወታደርን 1፣ ፈረስንና ቢሾፕን 3፣ ሩክን 5፣ ንግሥትን 9 ነጥብ ይሰጧቸዋል። ንጉሥ ግን ዋጋ አይተመንለትም፤ እርሱ ሲጠቃ ቼክ ይባላል፤ ተጠቅቶ መውጫ ካጣ ማት ነው፤ ጨዋታው አለቀ።

የጨዋታው የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ዐሥራ አምስት እርምጃዎች መክፈቻ ይባላሉ። በአገራችን በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ መክፈቻው ከዚህ በጣም የተለየ ነበር። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባላል፤ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው መብላት ሲመጣ ነው። በዛሬው ቼዝ ግን ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሮ አንድ እኔ፣ አንድ አንተ ነው። በዚህ ምክንያት እያንዳንዷን የመክፈቻ እርምጃ ከነመልሷ መመዝገብ፣ ማጥናትና ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል። የቼዝ መክፈቻ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጎተንበርግ ላይ የሆነውም ከዚሁ ጥናት የመጣ ነው።

አሁን ወደ መክፈቻው እንሂድ። ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4 ሲገፋ ጥቁር በሲ5 ከመለሰ የሲሲሊ መከላከያ ይባላል። ጥቁር ኢ5 ብሎ ቢመልስ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተመጣጥነው ይቆማሉ። ሲ5 ሲል ግን ሚዛኑን ሆን ብሎ ያዛባዋል። ነጭ ፈረሱን ወደ ኤፍ3 ያወጣል፤ ጥቁር ወታደሩን ወደ ዲ6 ያመጣል፤ ነጭ ወታደሩን ወደ ዲ4 ይገፋል፤ ጥቁር ይበላዋል፤ ነጭ በፈረሱ መልሶ ይበላል። ውጤቱ ምንድን ነው? ነጭ ቶሎ ቶሎ ሠራዊቱን አውጥቶ የጥቁርን ንጉሥ ለማጥቃት ሰፊ መንገድ ያገኛል። ጥቁር ደግሞ በመሐል ሰሌዳ አንድ ተጨማሪ ወታደር ይኖረዋል፤ የሲ ዓምድም ለሩኮቹ ይከፈትለታል። ነጭ ጊዜ አለው፤ ጥቁር የቆየ ጥቅም አለው። ነጭ ፈጥኖ ካልመታ ያጣል፤ ጥቁር የመጀመሪያውን ምት ካልቻለ ይወድቃል። ተጫዋቾች ስለታም መክፈቻ የሚሉት ይህን ነው፤ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው።

ከዚያ ጥቁር ፈረሱን ወደ ኤፍ6፣ ነጭ ሁለተኛ ፈረሱን ወደ ሲ3 ያወጣሉ። በአምስተኛው እርምጃ ጥቁር የዳር ወታደሩን አንድ ሳጥን ወደ ኤ6 ያነሣታል። ትንሽ የምትመስል እርምጃ ናት፤ ሥራዋ የነጭ ፈረስ ወይም ቢሾፕ ቢ5 ላይ መጥቶ እንዳያስቸግር መከልከል፣ በኋላም የራስን ወታደር ወደ ቢ5 ለመግፋት ማዘጋጀት ነው። ይቺ የኤ6 ጉዳይ ወደፊት ስለምታስፈልገን አትርሷት። ይህ መስመር የናይዶርፍ መስመር ይባላል። እርምጃዋን መጀመሪያ የተጫወታት ናይዶርፍ አልነበረም፤ ቼኮስሎቫኪያዊው ካሬል ኦፖቸንስኪ ከእርሱ በፊት ተጫውቷታል። ነገር ግን አጥንቶ፣ ደጋግሞ ተጫውቶ፣ ለዓለም ያስለመዳት ናይዶርፍ ስለሆነ ስሙ በእርሷ ላይ ቀረ።

ሚጌል ናይዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1910 በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ነበር። በ1939 ለቼዝ ኦሊምፒያድ ቡዌኖስ አይረስ እንዳለ ጀርመን አገሩን ወረረች። እርሱ አርጀንቲና ቀረ፤ ባለቤቱን፣ ልጁንና የቅርብ ቤተሰቡን ናዚዎች ፈጇቸው። በ1947 በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ፣ ሰሌዳ ሳያይ፣ በቃሉ ብቻ እየተናገረ፣ ከ45 ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ ተጫውቶ 39ኙን አሸነፈ፤ በአራቱ አቻ ወጣ፤ በሁለቱ ተሸነፈ። እንዲህ ያለውን ትልቅ ትርኢት ያደርግ የነበረው ወሬው በጋዜጣ ተሰራጭቶ ምናልባት ከዘመዶቹ በሕይወት የተረፈ ካለ እንዲሰማው እንደነበር ኋላ ተናግሯል። ጎተንበርግ ላይ ጥቁር ይዞ የተቀመጠው 45 ዓመት የሞላው ይህ ሰው ነበር። ስሙን የተሸከመውን መክፈቻ ነበር የሚጫወተው።

አብረውት የነበሩት ሁለቱ አርጀንቲናውያንም ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ኦስካር ፓኖ ገና 20 ዓመቱ ነበር፤ በ1953 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆኗል። ሄርማን ፒልኒክ በጀርመን ሽቱትጋርት ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አርጀንቲና የተሰደደ፣ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ተጫዋች ነበር። በማዶ የተቀመጡት ደግሞ የኦዴሳው ኤፊም ጌለር፣ ኢስቶኒያዊው ፓውል ኬሬስና የሌኒንግራዱ ቦሪስ ስፓስኪ ነበሩ። ጌለር በማጥቃት ዝናው የታወቀ ነው። ኬሬስ የዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች ሁሉ የሚያከብሩት ነበር። ስፓስኪ 18 ዓመቱ ሲሆን ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ይሆናል። ውድድሩ ኢንተርዞናል ይባል ነበር፤ 21 ተጫዋቾች ተካፍለውበታል። ከፍ ያለ ደረጃ ያገኙት ወደ እጩዎች ውድድር ያልፉ ነበር፤ ከእጩዎች አንደኛ የወጣው የዓለም ሻምፒዮኑን ይገጥም ነበር። እያንዳንዷ ግማሽ ነጥብ የምትቆጠርበት ቦታ ነበር ማለት ነው።

ዙሩ ተጀመረ፤ በሦስቱም ሰሌዳዎች ላይ አንድ ዓይነት እርምጃ ይወርድ ጀመር። ሰሌዳ በቅርባችሁ ካለ አሰልፉት። በስድስተኛው እርምጃ ነጭ ቢሾፑን ወደ ጂ5 አወጣ፤ ጥቁር ወታደሩን ወደ ኢ6 አነሣ። ነጭ ወታደሩን ወደ ኤፍ4 ገፋ፤ ጥቁር ቢሾፑን ወደ ኢ7 አመጣ። ነጭ ንግሥቱን ወደ ኤፍ3 አወጣ፤ ጥቁር በኤች6 ወታደር ቢሾፑን ጠየቀ፤ ቢሾፑ ወደ ኤች4 አፈገፈገ። በዘጠነኛው እርምጃ ጥቁር ያችን የተዘጋጀች እርምጃ ተጫወተ፤ ከንጉሡ በኩል ያለውን ወታደር ሁለት ሳጥን ወደ ጂ5 ወረወረው።

ይህ እርምጃ እብደት ይመስላል፤ ሐሳቡ ግን ጥልቅ ነው። የነጭ ኤፍ4 ወታደር የኢ5ን ሳጥን ይጠብቃል። በጂ5 ወታደር ብታታልለውና ጂ5ን ቢበላ፣ ኢ5ን የሚጠብቅ የነጭ ወታደር አይኖርም። ጥቁር ወዲያው ፈረሱን ከኤፍ6 ወደ ዲ7 ይስባል፤ ቀጣዩ ጉዞው ወደ ኢ5 ነው። ኢ5 ላይ የተቀመጠ ፈረስ በወታደር ሊባረር አይችልም፤ የነጭ ዲ ወታደር ተበልቷል፤ የኤፍ ወታደሩ ወደ ጂ ሄዷል። ያ ፈረስ መሐል ሰሌዳን ይዞ ይነግሣል፤ የተሰጠው የጂ5 ወታደርም ውሎ አድሮ ይመለሳል። ጥቁር የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ ግልጽ ነው፤ በንጉሡ ዙሪያ ያለው አጥር ይፈርሳል፤ ንጉሡም ገና ኢ8 ላይ ነው። አርጀንቲናውያኑ ዋጋውን መዝነው፣ ነጭ ቶሎ የሚያጠቃበት መንገድ የለውም ብለው ደምድመው ነበር።

ነጭ ጂ5ን በላ፤ ጥቁር ፈረሱን ወደ ዲ7 ሳበ። በ11ኛው እርምጃ ነጭ በዲ4 የነበረውን ፈረስ አንሥቶ በኢ6 ያለውን ወታደር በላበት። መሥዋዕት ነው፤ ጥቁር በኤፍ7 ወታደሩ ፈረሱን ይበላዋል። ነገር ግን የኤፍ7 ወታደር ሲነሣ ከኤች5 ወደ ኢ8 የሚወስደው ሰያፍ መንገድ ይከፈታል። ንግሥቲቱ ወደ ኤች5 ሄዳ ቼክ ትላለች፤ የጂ ወታደር ቀድሞ ስለ ሄደ መካከል የሚገባ የለም፤ ንጉሡ ወደ ኤፍ8 ይወጣል። ንጉሡ ስለተነቃነቀ ካስሊንግ፣ ማለትም ንጉሡንና ሩኩን በአንድ እርምጃ አዛውሮ ንጉሡን መሸሸግ፣ አበቃ። እስከዚህ ድረስ አርጀንቲናውያኑ ያላሰቡት ነገር እንዳልነበረ ይነገራል፤ እንዲያውም ናይዶርፍ ከሰሌዳው ተነሥቶ ሲዘዋወር፣ ይህ መስመር ተጠንቶ ያለቀ መሆኑን ለጌለር ነገረው ይባላል።

ከሦስቱ ሶቪየቶች ቀድሞ የመጣው ጌለር ነው። 13ኛው እርምጃ ላይ ቢሾፑን ከኤፍ1 አንሥቶ ቢ5 ላይ አስቀመጠው። ቢ5 ማለት ደግሞ ያቺ የኤ6 ወታደር እንድትጠብቀው የተቀመጠችበት ሳጥን ነው። የናይዶርፍ መስመር የቆመበት መሠረት «ቢ5 ላይ ማንም አይመጣም» የሚል ነበር፤ ጌለር ሌላ ሙሉ ቢሾፕ ይዞ እዚያው ገባ። ብሉኝ አለ።

ለምን አይበላም? በሰሌዳው ላይ ተከተሉኝ። ጥቁር በኤ6 ወታደር ቢሾፑን ቢበላ ነጭ ካስል ያደርጋል፤ ሩኩ ኤፍ1 ላይ ሲደርስ በተከፈተው የኤፍ ዓምድ ላይ ለንጉሡ ቼክ ይሆናል። ንጉሡ ወደ ጂ8 ቢሸሽ ንግሥቲቱ ጂ6 ላይ ወርዳ ማት ነው፤ የገዛ ሩኩ ኤች8ን ዘግቶበታል፤ ኤፍ8ን የነጭ ሩክ ይዞታል፤ ኤፍ7ንና ኤች7ን ንግሥቲቱ ይዛለች። ወደ ጂ7 ቢሸሽ ደግሞ ንግሥቲቱ በሩኩ ተደግፋ ኤፍ7 ላይ ማት ትላለች። ፈረሱን ወይም ቢሾፑን ኤፍ6 ላይ ከልክሎ ቢያስገባ የጂ5 ወታደር ይበላዋል። ቢሾፑ በአንድ እርምጃ ሁለት ሥራ ሠራ ማለት ነው፤ ለካስሊንግ መንገዱን ለቀቀ፤ ወደ ኢ5 ሊሄድ የነበረውንም የዲ7 ፈረስ አጠቃ። በዚህ ደረጃ የሚጫወት ሰው የሚያደርገው እርምጃ ሁሉ ሥራ ሊኖረው ይገባል ይባላል። የዚህ ቢሾፕ ሥራ ድርብ ነው።

ፓኖ ፈረሱን ወደ ኢ5 አወጣ፤ ጌለር ቢሾፑን ወደ ጂ3 ስቦ ፈረሱን አስጨነቀው። ፓኖ በኢ7 ቢሾፑ የጂ5ን ወታደር በላ። ጌለር ካስል አድርጎ ቼክ አለ፤ ንጉሡ ወደ ኢ7 ወጣ። ጌለር በቢሾፑ ፈረሱን በላ። ፓኖ ንግሥቱን ወደ ቢ6 አውጥቶ ቼክ ብሎ ጥቂት ጊዜ ገዛ፤ ከዚያም ቢሾፑን በወታደሩ በላ። የጌለር ንግሥት ኤፍ7 ላይ ቼክ አለች፤ ንጉሡ ወደ ዲ6 ሄደ። ሩኩ ከኤ1 ወደ ዲ1 መጥቶ ቼክ አለ፤ ፓኖ ንግሥቱን ዲ4 ላይ አጋፈጠ፤ ሩኩ በላት። የኢ ወታደር ሩኩን ቢበላም ጌለር የኢ4ን ወታደር ወደ ኢ5 ገፍቶ እንደገና ቼክ አለ። ንጉሡ ወደ ሲ5 ሸሸ። ከኢ8 ተነሥቶ ኤፍ8፣ ኢ7፣ ዲ6 አልፎ ሰሌዳው መካከል ደረሰ፤ የገዛ ሠራዊቱ አብዛኛው ግን ገና ቤቱ እንደተቀመጠ ነው። ንግሥቲቱ ሲ7 ላይ ቼክ ስትል ፓኖ ፈረሱን ወደ ሲ6 አወጣ፤ የነጭ ቢሾፕ፣ ያው የቢ5 ቢሾፕ፣ በላው። 23 እርምጃ። ፓኖ እጁን ሰጠ።

በሌሎቹ ሁለት ሰሌዳዎች ላይ ኬሬስና ስፓስኪም 13ኛው እርምጃቸውን ቢሾፕ ወደ ቢ5 አድርገው ተጫወቱ። ናይዶርፍና ፒልኒክ ንጉሣቸውን ወደ ጂ7 ወሰዱት። ነጭ ካስል አደረገ፤ ጥቁር ፈረሱን ወደ ኢ5፣ ከዚያም ወደ ጂ6 አመጣ፤ የነጭ ጂ ወታደር ኤች6ን በልቶ ቼክ አለ፤ ሩኩ ወታደሩን በላ። በ17ኛው እርምጃ ነጭ ሩኩን ኤፍ7 ላይ ጣለው፤ ቼክ ነው። ንጉሡ ሲበላው ከኤች6 ሩክ አጠገብ ይርቃል፤ ሩኩ ጠባቂ ያጣል፤ ንግሥቲቱ ትበላዋለች። ጥቁር አሁን ቢ5 ላይ ያለውን ቢሾፕ ቢበላም ሁለተኛው የነጭ ሩክ ኤፍ1 ላይ ቼክ ይዞ ገባ፤ የጂ6ም ፈረስ ተበላ። የጥቁር ንጉሥ እንደ ፓኖ ንጉሥ ከቤቱ ተባርሮ ወጣ። ሁለቱም ጨዋታዎች ለብዙ እርምጃ አንድ ነበሩ፤ ሁለቱም በነጭ ድል አለቁ።

አሁን የመጀመሪያውን ትምህርት ልናገር። ሦስቱ አርጀንቲናውያን ሰነፎች ነበሩ ማለት ትልቅ ግፍ ነው። ጂ5ን አግኝተዋል፤ የፈረሱን መሥዋዕት አይተዋል፤ ከቼኩ በኋላ ንጉሡ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ «ነጭ አንድ ፈረስ ከስሯል፤ ጥቃቱም ያበቃል» የሚለው ፍርድ አሳረፋቸው። የሰው አእምሮ ብዙ ደክሞ አንድ ደህና ቦታ ሲደርስ እዚያ ያርፋል፤ ያረፈበትንም ቦታ መጨረሻ አድርጎ ይቆጥረዋል። የሚያስፈራው ሌላው ነገር ደግሞ ሦስት ሰዎች አብረው ማጥናታቸው አለማዳኑ ነው። ሦስት ሰው አንድ ነገር ሲያጠና አንዱ ያላየውን ሌላው ያይ ነበር፤ ግን ሦስቱም በአንድ ሐሳብ ከተስማሙ በኋላ የአንዱ እርግጠኝነት የሌላውን ያጸናዋል፤ «እስቲ እንደገና እንየው» የሚል ይጠፋል። ኤ6 ቢ5ን ይጠብቃል ብሎ ዓመታት የኖረ ሰው፣ ነጭ ቢ5 ላይ ቢሾፕ ቢያስቀምጥስ ብሎ መጠየቅ ይከብደዋል። ዓይናችን የሚታለለው ብዙ ጊዜ ደጋግመን እውነት ሆኖ ባገኘነው ነገር ነው።

ወደ ሁለተኛው ትምህርት እንለፍ። ከዚያ ቀን በኋላ የብዙዎች ፍርድ ጂ5 ሞቷል የሚል ነበር። ሦስት ታላላቅ ተጫዋቾች በአንድ ቀን ተሸንፈውበት ማን ደፍሮ ይጫወተው? ግን እስቲ እንጠይቅ፤ ምን ተረጋገጠ? የተረጋገጠው ፈረሱን ወደ ኢ5 ማውጣትም፣ ንጉሡን ወደ ጂ7 መውሰድም እንደማያድን ነው። ሁለት መልስ ተፈተነ። ሌሎቹ መልሶች ግን ገና አልተፈተኑም።

እ.ኤ.አ. በ1958 ቀጣዩ ኢንተርዞናል በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ በዛሬዋ ስሎቬኒያ፣ ፖርቶሮዥ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተካሄደ። በመጨረሻው ዙር የ15 ዓመቱ አሜሪካዊ ቦቢ ፊሸር ጥቁር ይዞ ከዩጎዝላቪያው ስቬቶዛር ግሊጎሪች ጋር ተቀመጠ። ግሊጎሪች በዚያ ውድድር ሁለተኛ የወጣ ኃይለኛ ተጫዋች ነው። ፊሸር ወደ እጩዎች ውድድር የሚያልፈው በዚህ ዙር በሚሆነው ነገር ነበር። ያንኑ የናይዶርፍ መስመር ተጫወተ፤ ያንኑ ጂ5 ወረወረ። ግሊጎሪችም ያንኑ ፈረስ ሠዋ፤ ያንኑ ቼክ አለ፤ ያንኑ ቢሾፕ ቢ5 ላይ አስቀመጠ። ፊሸርም 13ኛው እርምጃው ላይ ሩኩን ከኤች8 ወደ ኤች7 አንድ ሳጥን አነሣው።

ያችን ትንሽ እርምጃ በደንብ እንያት። ቅድም የተናገርሁትን ማት አስታውሱ፤ ንጉሡ ጂ8 ሲደርስ ኤች8 በራሱ ሩክ ተዘግቶ ነበር። አሁን ሩኩ ስለተነሣ ኤች8 ለንጉሡ ክፍት ነው። ንግሥቲቱ ጂ6 ላይ ቼክ ብትል ሩኩ ከኤች7 ወደ ጂ7 ገብቶ ይጋርዳል። ኤፍ7 ላይ ልትገባ ብትል ሩኩ እዚያም ይጠብቃል። ሁለቱ የማት በሮች በአንድ እርምጃ ተዘጉ። ግሊጎሪች ንግሥቱን ወደ ጂ6 አመጣ፤ ፊሸር ሩኩን ወደ ኤፍ7 አንቀሳቀሰ። ንግሥቲቱ ኤች6ን በልታ ቼክ አለች፤ ንጉሡ ወደ ጂ8 ሄደ። እንደገና ጂ6 ላይ ቼክ፤ ሩኩ ወደ ጂ7 ጋረደ። ኢ6ን በልታ ቼክ፤ ንጉሡ ወደ ኤች8 ገባ፤ አረፈም። ግሊጎሪች ለአንድ ፈረስ አራት ወታደር በልቷል፤ ጥቃቱ ግን ቆሟል። ከዚያ ነጭ የዲ7ን ፈረስ በቢሾፑ በላ፤ ፊሸር በሌላው ፈረስ መልሶ በላ፤ ያም ፈረስ ቀጥሎ ወደ ኢ5 ሄደ።

ኢ5! ናይዶርፍና ጓደኞቹ ጂ5ን ሲያዘጋጁ ያለሙለት ሳጥን ያ ነበር። ዓላማቸው ልክ ነበር፤ ሐሳባቸውም ልክ ነበር። የጎደለው አንዲት የሩክ እርምጃ ናት፤ እርሷም ጎተንበርግ ላይ በዚያች ቅጽበት በሦስቱም ሰሌዳዎች ላይ ትገኝ ነበር። ጨዋታው በአቻ አለቀ። ፊሸር ወደ እጩዎች ውድድር አለፈ፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ግራንድ ማስተርም ሆነ። የተቀበረው መስመር ተነሣ፤ ዛሬም የጎተንበርግ መስመር ተብሎ በስሙ ይጠናል።

የአርጀንቲናውያኑም ነገር በሽንፈቱ አላበቃም። ጎተንበርግን ዴቪድ ብሮንስታይን ከ20 ጨዋታ 15 ነጥብ አግኝቶ አሸነፈ፤ ኬሬስ በ13 ተኩል ሁለተኛ ሆነ። ሦስተኛ የወጣው ግን ያ በ23 እርምጃ የተሸነፈው ወጣት ፓኖ ነበር፤ 13 ነጥብ ነበረው። ፒልኒክም አለፈ። ሁለቱም በ1956 በአምስተርዳም ለእጩዎች ውድድር ተቀመጡ። ናይዶርፍ ብቻ ቀረ፤ ስሙን የተሸከመው መክፈቻ ግን ፊሸርንና በኋላ ደግሞ ጋሪ ካስፓሮቭን የመሳሰሉ ሻምፒዮኖች የሕይወታቸው መሣሪያ አድርገው ያዙት። ፊሸርና ስፓስኪ በ1972 በአይስላንድ ሬይኪያቪክ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገጥሙም የናይዶርፍ መስመር በሰሌዳቸው ላይ ነበር።

አንድ ጥያቄ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። ዛሬ በስልካችን ያለ የቼዝ ፕሮግራም የጌለርን ቢሾፕ በቅጽበት ያገኘዋል፤ የፊሸርንም ሩክ እንዲሁ። እንግዲህ ይህ ትምህርት አላረጀም ወይ? እኔ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ዛሬ ያስፈልገናል እላለሁ። አንድ ወጣት ተጫዋች ከኮምፒውተሩ የ20 እርምጃ መስመር በቃሉ ይይዛል፤ ተጋጣሚው በ12ኛው እርምጃ ከመስመሩ ቢወጣ ግን ብቻውን ይቀራል። ምን እንደሚጫወት ያውቃል፤ ለምን እንደሚጫወተው ግን አያውቅም። ኮምፒውተሩ ጥናት የሚቆምበትን ቦታ ወደፊት ገፋው እንጂ አላጠፋውም። የቆመበትን ቦታ የሚያውቅ ተጫዋች እዚያ ሲደርስ ቆም ብሎ ያስባል፤ የማያውቅ ግን እየተጫወተ ያለ ይመስለዋል።

ይህ ከቼዝ ውጭም እውነት ነው። ሐኪም ምርመራውን ጨርሻለሁ ሲል፣ መሐንዲስ ሒሳቡን ጨርሻለሁ ሲል፣ ዳኛ ማስረጃውን አይቻለሁ ሲል፣ ከዚያ ቦታ ቀጥሎ ያለው አንድ ጥያቄ ነው የሚጠቅመው፤ «ተቃራኒዬ ብሆን እዚህ ላይ ምን እል ነበር?» ጌለር የጠየቀው ይህንኑ ነው። ፊሸርም የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ እርሱ ደግሞ የጠየቀው ከሦስት ሰው ሽንፈት በኋላ፣ ብዙዎች ጥያቄው ተዘግቷል ባሉበት ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው ሰው ያላየውን መጠየቅ አንድ ድፍረት ነው፤ ሁሉም የተወውን እንደገና መጠየቅ ደግሞ ሌላ ድፍረት ነው። ሁለቱም በትምህርት ይገኛሉ፤ ሰው ይዟቸው አይወለድም።

ልጅ ወይም ተማሪ ያላችሁ ሁሉ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ቤታችሁ ስትገቡ የጎተንበርግን ጨዋታ እስከ 13ኛው እርምጃ ድረስ አሰልፉ፤ ነጭ ቢሾፑን ቢ5 ላይ አስቀምጧል፤ አሁን ተራው የጥቁር ነው። መልሱን አትንገሯቸው። ይፈልጉት። መጀመሪያ ቢሾፑን ይበላሉ፤ ማት ይሆናሉ። ንጉሡን ወደ ጂ7 ይወስዳሉ፤ ይሸነፋሉ። ከዚያ «በቃ፣ መልስ የለውም» ይላሉ። ያን ጊዜ ሌላ ምንም ሳትጨምሩ «ሁሉንም እርምጃ አይታችኋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሩኳን ራሳቸው ካገኟት፣ ከማንኛውም መጽሐፍ ልትሰጧቸው የማትችሉትን ነገር አግኝተዋል፤ የደረሱበት ቦታ የነገሩ መጨረሻ እንዳልሆነ በገዛ እጃቸው አረጋግጠዋል።